የሰማንያ ቀኗን ልጅ ማን ይቀበላት?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ሳይርቅ፣ የሺመቤት የምትባል ሴት ባገባች በስምንተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት ልጅ ናት። በዚያ ሰፈር ሕፃን ክርስትና እስኪነሳ ፊቱ ለእንግዳ አይገለጥም፤ የሰው ዓይን ይበላዋል ይባላል። ጠያቂውም ሥርዓቱን ስለሚያውቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ልጅቷን ሳያይ ይወጣል። እንዲህ ሲባል ሰነበተና፣ ልጅቷ ራሷ ታይ እንደሆን ማንም ሳይጠይቅ አርባ ቀን አለፈ።

ጎረቤቷ እትዬ ጥሩወርቅ ግን አላስቻላቸውም። ብድግ ብለው ሻሹን ከልጅቷ ፊት ገለጡና ጣታቸውን ወዲህ ወዲያ አሉት። የልጅቷ ዓይን ጣሪያው ላይ ቀረ።

«ልጅሽ አታይም፤ ሐኪም ቤት ውሰጃት» አሉ።

የሺመቤት ከቤቷ አስወጣቻቸው። ሰፈሩም አልማራቸው፣ ቡዳ የሚል ስም አወጣላቸው፤ እሳቸው ሲያልፉ እናቶች ልጆቻቸውን ይሸሽጋሉ፣ ዛሬም አልተዉም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ያንኑ ይሏታል። በሰባተኛው ቀን እናት ተረታች፤ ልጇን አቅፋ ሆስፒታል ሄደች።

እዚያ የሕፃናትን ዓይን የሚለካ አዲስ መሣሪያ አለ። ሕፃን ይታይሃል ወይ ቢሉት አይመልስ! ስለዚህ ስክሪኑ በአንድ ጎኑ ጥቁርና ነጭ መስመር ያወጣል፤ ከሥሩ ያለው ካሜራ ደግሞ የዓይኑን ብሌን ይከተላል። የሚያይ ልጅ ወደ መስመሩ መዞሩ አይቀርም። መሣሪያውን የምትይዘው ሲስተር ትርንጎ ልጅቷን ፊቱ አስቀመጠቻት፤ ልጅቷ እንቅልፏን ለጠጠች። መሣሪያው ሁለቴ አልተሳካም አለ። እንዲህ ሲሆን ደንቡ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ ማለት ነው። ሲስተር ትርንጎ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችው በዚያው ሳምንት ነበር፤ የራሷ ልጅ ቤት ውስጥ ጡት እየጠበቀ ያለቅሳል፣ ቀሚሷ በወተት ርሷል። እሷ ግን አልተነሳችም። ልጅቷ ነቅታ ጡት እስክትጠባ ጠበቀችና አራት ጊዜ ደጋግማ ለካቻት። መስመሩ ቀኝ ቢመጣ፣ ግራ ቢመጣ ብሌኗ ንቅንቅ አላለም። ውጤቱን ይዛ ወደ ዓይን ዶክተሩ ሮጠች፤ ሲመረምራት በሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ተገኘ።

ዶክተሩ ቶሎ ካልተገፈፈ ዓይኗ ማየት ሳይለምድ ይቀራል አለ። እሱ ደግሞ ከሌላ ከተማ በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ ነው፤ የቀረው የነገው ቀን ብቻ፣ የነገውም ተራ ሞልቷል። ይህን አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እማማ ደብሪቱ ሰሙ። ለዓይናቸው ሞራ ዓመት ሙሉ ተራ ጠብቀው ለነገ የደረሳቸው ሴት ናቸው።

«እኔ ብዙ አይቻለሁ፤ እሷ ገና እናቷን እንኳ አላየች። የኔን ተራ ስጧት» አሉ።

ዱላቸውን ይዘው እየዳበሱ ወጡ። እስካሁንም የሚሄዱት በሰው እጅ ተመርተው ነው።

ልጅቷ ዳነች። ትንሽ መነጽር በጥብጣብ ታሰረላት። መጀመሪያ ያየችው የእናቷን ነጠላ ጥለት ነው፤ እሱን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች። የሺመቤት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ የሦስቱንም ሴቶች ጉልበት ዞራ ሳመች፤ እትዬ ጥሩወርቅንማ ድንጋይ ተሸክማ ነው ይቅርታ የጠየቀችው።

ልጅቷ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያው ቀን ደረሰ፤ ክርስትና እናቷ ማን ትሁን የሚል ክርክርም ተነሳ። ዶክተሩም ባለውለታ ነው፣ ግን ለሴት ልጅ የሚቆመው ክርስትና እናት ስለሆነ እሱ ከክርክሩ ወጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ክርስትና ካነሷት ቡዳ የሚለው ስም በዚያው ይቀበራል። ሲስተር ትርንጎ ልጇና ይቺ ልጅ ወንድምና እህት ሆነው እንዲያድጉ ትመኛለች። እማማ ደብሪቱ ወልደው አልሳሙም፤ ዓይናቸው እስኪበራ ድረስ ልጄ ብለው የሚዳብሱት ፊት ቢያገኙ ሌላ አይሹም።

ልጅቷ ከጥምቀቱ ውሃ ወጣች። ቄሱ «ክርስትና እናቷ ማን ናት? አንዷ ትቅረብ» አሉ። ሦስቱም ነጠላቸውን ዘረጉ፣ የሺመቤትም የሦስቱንም ፊት አየች።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ ልጅቷን በማን ነጠላ ላይ ታስቀምጧት ነበር?