ሐሜተኛዋ ሴንሰር

አቶ ዘርጋው የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሆነው በተሾሙበት ሳምንት ሁለት ነገር አስነቀሉ። አንደኛው በሩ ላይ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ነው፤ "የሐሜተኛ ቋት" ብለው አስወረዱት። ሁለተኛው የመኪናቸው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ጣት የምታህል ነገር ናት፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ተሰክታ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን አየር እየለካች፣ ሞተሩ ነዳጅ ሲያበዛ ታሳብቃለች። በእሷ የተነሳ ፊት ለፊታቸው ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት እየበራ ቢያስቸግራቸው፣ "ይቺም ሐሜተኛ ናት፤ እሷንም መብራቱንም ንቀል" ብለው የመሥሪያ ቤቱን መካኒክ አዘዙ። መካኒኩ ቢለምናቸውም አልሰሙት፤ ነቀለ።

ወር ሳይሞላ መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች ነዳጁን እንደ ውኃ ትጠጣው ጀመር። አቶ ዘርጋው ሠራተኛውን ጋራዡ ፊት ሰብስበው መካኒኩን መሃል አቆሙት።

"ጥፋቱ የማን ነው? በመኪናዋ ብታሳብብ፣ አዲስ መኪና ናት፤ አያዋጣህም። ያንተ ከሆነ ደግሞ የስንብት ደብዳቤህ ተጽፏል።"

መካኒኩ ግሪስ የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ። በየትኛውም ቢመልስ እንጀራው መሄዷ ነው።

"ጌታዬ፣ መኪናዋ ምን ታድርግ? የመሥሪያ ቤቱን ወግ ለመደች። ተናጋሪው ከተነቀለ ወዲህ ያገኘችውን ትጠጣለች፤ ጭሱን ግን አገር ያየዋል።"

ሠራተኛው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የጥበቃውን ሽማግሌ ሳል ያዛቸው።

"በል መልሰህ ግጠም" አሉ አቶ ዘርጋው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እሺ ጌታዬ። በየትኛው ልጀምር፤ በመኪናዋ ወይስ በበሩ?"