ችግሩ ማሳው ነው

አንድ ሰው ነበር። ስሙ ይቆየን፤ ዘመዶቹ እዚህ ሊኖሩ ይችላሉ። አሮጌ ፒካፕ ነበረችው፤ ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳታል እያሉ ሰፈርተኛው ይቀልዱበታል። ልጁ ልታገባ አምስት ቀን ሲቀራት፣ «አባዬ፣ ከቤት የምወጣው በአንተው መኪና ነው፤ አንተው ነድተህ» አለችው። ደስታውን አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ ጭጭ። ባትሪው ሞቷል። አዲስ ባትሪ ገዛ። እሱም በሁለተኛው ቀን ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ መካኒክ ሆነ፤ አንዱ ባትሪውን መልስ ይላል፣ ሌላው ዲናሞውን አውልቀህ ጣል ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰርጉ ነገ ሆነ።

እያስገፋ ጋሽ ጉደታ የሚባሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ወሰዳት። ጋሽ ጉደታ ጥድፊያ አያውቁም። ሞተሩ በግፊት ሲነሳ መለኪያቸውን ዲናሞው ላይ አደረጉ፤ አሥራ አራት ቮልት። ባትሪው ላይ አደረጉ፤ አሥራ ሁለት እንኳ አይሞላም። ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ የሚሰጠው ግን ባትሪው ጋ አይደርስም። ጎንበስ ብለው ሲፈትሹ ቆዩና ቀና ብለው ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ያንተ ችግር ማሳው ነው። ችላ ካልከው ስንት ዓመት ሆነህ?»

የሰውየው ደም ፈላ። ለምን? በአባታቸው ማሳ ድንበር ከታናሽ ወንድሙ ጋር ተጣልተው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩማ! ለሰርጉም አልጠራውም። ልጁ ብትለምነው፣ ብታለቅስበት፣ እምቢ ብሏል።

«ወንድሜ ነው የላከዎት? ስለ ማሳዬ ምን አገባዎት?» ብሎ ጮኸባቸው።

ጋሽ ጉደታ ግራ ገባቸው። ባትሪውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን ገመድ አሳዩት፤ ጫፉን ዝገት በልቶታል። በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚባለው እሱ ነው። ሰውየው መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ሳቀ፣ እየሳቀ እንባው መጣ። ጋሽ ጉደታ ዝገቱን ፍቀው ብሎኑን አጠበቁ። ባትሪው ላይ አሥራ አራት ገባ።

ሰውየውም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ ወንድሙ ቤት ነዳ። በማግስቱ ሙሽራዋን ይዞ የወጣው አባቷ ነው። አጎቷ ደግሞ ከኋላ፣ ከሚዜዎቹ መሐል ቆሞ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጨፍር ነበር።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ስንት ባትሪ ቀየራችሁ? በጾም ቀየራችሁ፣ በኮንፈረንስ ቀየራችሁ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ሰው ነኝ» አላችሁ። እሑድ ሞልታችሁ ማክሰኞ ባዶ! ከዚያ እግዚአብሔርን ትጠረጥሩታላችሁ። እሱ መስጠት መች አቆመ? ጸጋው መች ጎደለ? እናንተ ጋ ነው የማይደርሰው፤ ከወንድማችሁ ጋር የተያያዛችሁበት ቦታ ዝጓል።

ሁልጊዜ ስልካችሁን ዝጉ እላችኋለሁ። ዛሬ ክፈቱት። ለማን መደወል እንዳለባችሁ እኔ አልነግራችሁም፤ ገና ስናገር ፊቱ መጥቶባችኋል። አሜን አትበሉኝ፤ ውጡና ደውሉ። እኔ እጠብቃለሁ።