ከኋላ የቀረው ሽምብራ

አንድ የእህል ነጋዴ ነበረ፤ አንተ ዛሬ የጠየቅኸኝን እርሱም ራሱን ሲጠይቅ የኖረ። «አልሸጥ ያለ ዕቃ እስኪወደድ ይጠበቃል ወይስ በኪሳራም ቢሆን ይለቀቃል?» አልኸኝ፣ አላምረው። እንግዲያው የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውዬው በአንዲት የገበያ ከተማ ሰፊ መጋዘን ነበረው። ሰነፍ አልነበረም፤ ስፍርም አያጎድልም። ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ባቄላውን ከየባላገሩ ሰብስቦ ለፈለገው ይሸጣል። ሰው ሁሉ «እርሱ ዘንድ የማይገኝ እህል የለም» ይለው ነበር፤ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

አንድ ዓመት በጾም ወራት ሽምብራ ጠፋና ዋጋው ሰማይ ነካ። ነጋዴው ያን አይቶ ኖሮ፣ የሚቀጥለው አዝመራ ገና አውድማ ላይ ሳይደርስ ተሽቀዳድሞ ሽምብራ በውድ ገዛ። አዝመራው ሲገባ ግን ሽምብራ ያልዘራ ገበሬ አልነበረም። በየቤቱ ሞላ፤ የሚገዛ ጠፋ።

ነጋዴውም ጆንያዎቹን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ገፋቸው። አዲስ እህል ሲመጣ ከፊት ይከመራል፤ ከፊት ያለው ይሸጣል፤ በቦታው ሌላ ይተካል። ሽምብራው ከኋላ ቀረ። ውሎ አድሮ ጭራሽ ከዓይን ተሰወረ፤ ቦታ ጠበበና ደህና የሚሄደውን ጤፍ ደጅ ማሳደር ጀመረ።

አንድ ቀን ሚስቱ ድመቷን ፍለጋ ወደ ኋላ ብትዘልቅ፣ ሽምብራው ላይ ወልዳ አገኘቻት። ወጥታም፣ «ስማኝማ» አለችው፣ «ድመት ሰው የማይደርስበትን ቦታ ታውቃለች። ይህ እህል እየሞተ ነው። ባወጣው ዋጋ እንገላገለው።»

«እህል አይሞትም!» አለ ተቆጥቶ። «ቀኑን ይጠብቃል እንጂ።»

የተቆጣው ግን በእርሷ አልነበረም። ወደ መጋዘኑ ጥግ በዘለቀ ቁጥር ያ የችኮላ ግዢው ትዝ ይለዋል። ሽምብራውን አርክሶ መሸጥ በሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት ሆነበት። ስለዚህ ወደዚያ ጥግ መሄዱን ተወ። ካላየሁት አልከሰርኩም አለ በልቡ።

ይህ ነጋዴ አንድ አበልጅ ነበረው፤ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ገበሬ። በመስከረም መጀመሪያ ገበሬው መጣና በሩ ላይ ቁጭ አለ።

«አበልጄ፣ የታችኛው ማሳዬ እርጥበት የሚይዝ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ለሽምብራ ይሆናል። ያን ያስቀመጥከውን ዛሬ ገበያው በሚያወጣው ዋጋ ልቀቅልኝና ልዝራው።»

ነጋዴው ወዳጁን አየው። «ውሰድ» የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዋጋውን ሲያስበው አንጀቱ አልቆርጥ አለ።

«የገዛሁበትን እንኳ አያወጣም» አለው። «ትንሽ እንታገሥ፤ ይወደዳል።»

«ይሁን፣ ንብረቱ ያንተ ነው» አለ ገበሬው፤ ተነሥቶም ሄደ። ያ ማሳ በዚያ ዓመት ጦሙን አደረ።

በተከታዩ ክረምት መጨረሻ፣ ጤፉ ሊያሸት ሲል፣ በረዶ ወረደና ያገሩን አዝመራ ከመሬት ጋር አነጠፈው። በቀረው እርጥበት ሊበቅል የሚችለው ሽምብራ ብቻ ነበር። ባላገሩ ሁሉ ሽምብራ ከረከሰ ወዲህ ዘር አላስቀረም ነበርና ወደ ነጋዴው ደጅ ጎረፈ። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ሰውዬውን በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። «አላልኩሽም?» አላት ሚስቱን።

ከፊት ያለውን አስነሥቶ ከኋላ ደረሰ። ነጋዴው የመጀመሪያውን ጆንያ ፈትቶ እጁን ሰደደ። ላዩ ደህና ይመስላል። ወደ ታች ሲዘልቅ ይሞቃል። እጁን ሲያወጣው ዱቄት ለብሷል፤ ነቀዙም በእጁ አንጓ ላይ ይርመሰመሳል። ሌላውን ፈታ፤ ያው ነው።

ያን ጊዜ ወጥቶ «የለኝም፣ ተበላሽቶብኛል» ቢል ኖሮ፣ ሰው አዝኖም ስቆም ሌላ ገበያ ይሄድ ነበር፤ የመዝሪያው ቀንም ገና አላለፈም ነበር። እርሱ ግን በሩን ዘግቶ በወንፊት አስነፋው፤ ዱቄቱን አራገፈ፤ የቀረውን ለሽያጭ አወጣው። ከተዘራው ጥቂቱ መብቀሉ አይቀርም ብሎ ራሱን አጽናና።

አበልጁ በሬውን ሸጦ መጥቶ ነበር። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘገነና በመዳፉ ላይ አገላበጠው። አንዳንዱ ፍሬ ቀዳዳ ነበረው።

«አበልጄ፣ ይበቅላል?»

«ይበቅላል» አለው ነጋዴው።

ገበሬው ሌላ አልጠየቀም። ክርስትና ልጁን ስሞ ዘሩን ተሸክሞ ሄደ።

ሽምብራው አልበቀለም። አንዳንድ ቦታ ብቅ ያለውም ቀጥኖ ደረቀ። ሰው ሁሉ ነገሩን ሲረዳ መሬቱ እርጥበቱን ጨርሶ ነበር። ነጋዴው ወሬውን ቢሰማ ወደ አበልጁ ማሳ ወረደ። ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ቆፈረ፤ ያገኘው ባዶ ገለፈት ነው። ተነሥቶም ወደ ገበሬው ቤት ሄደ።

ከቤቱ ሲደርስ ገበሬው አልነበረም።

«ወደ ቆላ ለቀን ሥራ ወርዷል» አለችው የገበሬው ሚስት። ከዚያም ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አምና ሰጥተኸው ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ ዘር ከራሳችን ጎተራ እናወጣ ነበር» አለች።

ነጋዴው በማግስቱ ጤፍ አስጭኖ ላከላት። ለልጆቿ ስትል ተቀበለች፤ «እግዜር ይስጥልኝ በሉት» ግን አላለችም። እርሱም መጋዘኑን እስከ ግድግዳው ድረስ አጸዳ። ከዚያ ወዲህ አዲስ እህል ሲመጣ አሮጌውን ወደ ፊት ያወጣል፤ በየገበያው ማግስት ያልተነካውን ጆንያ እየፈታ ያያል፤ የዘገየውን ሳይነቅዝ በሚገኘው ዋጋ ይለቃል። ጥሩ ነጋዴ ሆነ። አበልጁን ግን ቆላ ላይ ወባ ገደለው። ለቅሶው ላይ ሰዎች ለነጋዴው የወዳጅ ቦታ ለቀቁለት፤ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ። ያቺን «ይበቅላል» ያላትን ቃል የሚመልስበት መንገድ አልነበረውም።

አላምረው፣ ያ ሽምብራ ያንተ ሲሚንቶ ነው። ከሱቅህ ጓዳ ቆልለኸዋል፤ ከፊቱ ቆርቆሮና ሚስማር ደርድረህበታል። «ዕቃው ቆሟል» ትለኛለህ። ዕቃ አይቆምም፤ ወደ ሰው ካልሄደ ወደ ብልሽት ይሄዳል። የከሰርከው በውድ የገዛህ ዕለት ነው፤ መጠበቅህ ያን አይመልሰውም፣ ሌላ ይጨምርበታል እንጂ። ሂድና ከኋላ ያለውን ወደ ፊት አውጣ። በእጅህ ዳስሰው። የደረቀውን ደረቀ በል፤ ለማንም አትሽጠው። ደህናውን ሳይደርቅ ልቀቀው።

ጎረቤትህ ያቺ መበለት ግድግዳዋን ሳትጨርስ «በቅናሽ ስጠኝ» ብትልህ «ይወደዳል» ብለህ እንደመለስሃት ራስህ ነግረኸኛል። ያ ነጋዴ ወዳጁ በሩ ላይ የተቀመጠበትን ጠዋት ዳግም አላገኘም። አንተ ገና አላመለጠህም። ደመናው እየከበደ ነው፤ ተነሥ፣ ዝናቡ ያላለቀ ግድግዳዋ ላይ ሳይወርድ፣ እርሷም ቤቷ ሳለች ድረስላት።