ጦጢት ጋሻዬን አላወልቅም አለች

ተረት ላወራ ነው። እንቅልፍ የያዘው ይሂድና ይተኛ፤ የነቃ ጠጋ ይበል። እየተቁነጠነጠ የሚያቋርጠኝ ካለ ግን እዚያው ላይ አቆማለሁ፤ ብትለምኑኝ ብትለማመጡኝ አልቀጥልም። ተስማማን? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ እንስሳት እርስ በርስ ሲማከሩ፣ እንጨትና ቅልም አፍ አውጥተው ሲናገሩ፣ ከአንድ ጋራ ሥር ሰፊ ሜዳ ነበር። በገና ዕለት የእንስሳቱ ልጆች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው እዚያ ይወርዱና ገና ይጫወታሉ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሆነው ይከፈሉና፣ ሩር የሚባለውን ድቡልቡል እንጨት እየመቱ ከወዲያኛው ድንበር ለማሳለፍ ይራኮታሉ። የሜዳው ዳኛ አባ ከርከሮ ነበሩ።

የዚያ ሜዳ ሕግ አንዲት ናት፤ በገና ለተመታ ክስ የለም። የተመታ አይከስም፣ የመታም አይክስም፣ ቂም ሜዳው ላይ ይቀራል። ጥሩ ሕግ ናት፤ በእሷ ምክንያት ስንት ጎረቤት ሳይቀያየም ኖሯል። ነገር ግን እየዋለ እያደረ አጣመሟት። መክሰስ ነውር ነው ያሉት፣ መጠንቀቅም ነውር ነው ማለት ጀመሩ። ፊቱን የሸፈነ ልጅ «ትመቱኛላችሁ» ብሎ አስቀድሞ እንደከሰሰ ተቆጠረ። ከዚህ የባሰ ሞኝነት ካለ አሳዩኝ።

እንግዲህ ጦጢት የታች ሰፈር ልጅ ናት። ትንሽ ናት፣ ቀጭን ናት፣ ቁጭ በይ ቢሏት የማትሰማ ናት። ሩርን ከዱላዋ ጋር አጣብቃ መሮጥ ስትጀምር የሚደርስባት አልነበረም። አምና ግን ሩር ከላይ ሰፈሩ ዝንጀሮ ዱላ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኗን መታት። ዓይኗ በዚያው ጠፋ።

ማንም አልተጠየቀም፤ ክስ የለማ! አባ ከርከሮ ጀርባዋን መታ መታ አድርገው ጎሽ፣ ጀግና አያለቅስም አሏት። እናቷም አፏን በእጇ ይዛ እንባዋን ዋጠች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያን ዕለት ሁሉም ማልቀስ ነበረባቸው።

ሩርስ? ሩር ከወይራ ሥር የተጠረበ ጠጣር ነው። ዓመቱን ሙሉ አባ ከርከሮ ቤት ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ጉራውን ሲነዛ ከረመ። እኔ ወደ መቱኝ ነው የምሄደው፣ ምን ጥፋት አለብኝ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ የጦጢትን ዓይን ያጠፋሁ እኔ ነኝ እያለ ይኩራራል። ጥፋቱን ለሌላ ይሰጥና ዝናውን ለራሱ ያስቀራል። እንዲህ ዓይነቱን ሳታውቁት አትቀሩም።

ዘንድሮ ገና ሲቃረብ እናቷ ጦጢትን አጠገቧ አስቀምጣ ለመነቻት።

«አንድ ዓይን ነው የቀረሽ» አለቻት። «እሱ ከጠፋ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በምንሽ አይተሽ ትዘያለሽ? የኔ ልጅ፣ ዘንድሮ ቤት ተቀመጪልኝ።»

ጦጢት ቀኝ ዓይኗን በእናቷ ላይ አሳረፈች።

«እማዬ፣ ቤት አልቀመጥም፤ እግሬ ምን አጠፋ? ባዶ ፊቴንም አልገባም፤ ዓይኔ ምን አጠፋ?»

ይህን ብላ ወጣች። ጓደኛዋን ሚዳቋን ጠራቻትና ወደ ወንዙ ዳር ሄዱ። ብልሃታቸውን ስሙ። የበሰለ ሾላ ለቅመው ግንድ ላይ አስቀመጡ፤ ያ ሾላ የጦጢት ዓይን ነው እንበል አሉ። ከፊቱ ጋሻ እያቆሙ፣ ሚዳቋ በሩር ልክ ድንጋይ እየመረጠች ልትወረውር፣ ጦጢት ሾላውን ልታይ ተስማሙ።

መጀመሪያ ቅል መጣ። ሆዱን ነፍቶ፣ ስንት ዘመን ጠላ የቻልኩ ለአንድ ጠጠር አልበገርም አለ። ከፊት አቆሙት። ሚዳቋ ወረወረች። ቅል ተፈረካከሰ፤ ስባሪው ሄዶ ሾላው ውስጥ ተሰካ። ጦጢት ስባሪውን ነቅላ አየችውና፣ አንተስ ከሩር ትብሳለህ አለችው።

ቀጥሎ የስፌት ሣሩ ስንደዶ መጣ። እኔ እንደ ቅል አልሰበርም፣ እተጣጠፋለሁ አለ። እውነቱን ነው። አክርማ ጨምረው ሰፉትና ከፊት አቆሙት። ሚዳቋ ወረወረች። ስንደዶ አልተሰበረም፤ ታጠፈና ከነድንጋዩ ሾላው ላይ ተኛበት። ሾላው ተጨፈለቀ። ስንደዶ አፍሮ ቀና ማለት አቃተው፤ ጦጢት ግን ለቅን ልብህ አመሰግናለሁ ብላ ሸኘችው።

ከዚህ በኋላ ቀርከሃ ከቆመበት ሆኖ ተናገረ። ቀርከሃ ወሬ አያበዛም። የምደገፈው ዓይንሽን ነው ወይስ አጥንትሽን ሲል ጠየቃት። ጦጢት ጥያቄው አልገባትም።

«በግንባርሽ አጥንትና በጉንጭሽ አጥንት ላይ አስቀምጪኝ» አላት ቀርከሃ። «ከዓይንሽ ግን አርቂኝ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዪልኝ። ስመታ አጥንትሽ ይቻለው፣ ዓይንሽ አይስማው። ስትሠሪኝም ሩር ቀርቶ የዱላ ጫፍ እንዳይሾልክ አድርገሽ አጠጋጊኝ።»

ጦጢት ቀርከሃውን ሰነጠቀች፣ ሞረደች፣ ጠርዙን አለሰለሰች፣ ፍርግርግ አድርጋ ሠራችው፤ ከማጅራቷ የሚታሰርበትንም ሐረግ አበጀችለት። ከዚያ ግንዱ ላይ ሌላ ሾላ አኑራ፣ ከሱ ራቅ አድርጋ አቆመችው። ሚዳቋ ወረወረች፤ ድንጋዩ ነጥሮ ተመለሰ። ጠጋ ብላ ወረወረች፤ ነጥሮ ተመለሰ። ተንደርድራ መጥታ ባላት ጉልበት ሁሉ ወረወረች፤ አሁንም ነጥሮ ተመለሰ። ሾላው አንዳች አልሆነም። ሚዳቋም ደክሟት ስለነበር አንስታ በላችው።

ወሬው ሩር ጆሮ ሲገባ ሩር አልተኛም። ዓይን ካላጠፋ ማን ስሙን ያነሳዋል? ስለዚህ ለአባ ከርከሮ ነገር ይጎነጉንላቸው ጀመር። ጦጢት ፊቷን ሸፍና ልትመጣ ነው፤ ይህ እርስዎን መክሰስ አይደለም ወይ፤ አምና ዓይኔ ሲጠፋ ዳኛው የት ነበሩ ማለቷ አይደለም ወይ እያለ አነሳሳቸው። አባ ከርከሮም ክፉ አልነበሩም፤ ግን ክብራቸውን የነካባቸው ሲመስላቸው ጆሯቸው ይደፈናል።

የገና ዕለት ሜዳው በሰፈሩ ሁሉ ተከበበ። ጦጢት የቀርከሃ ጋሻዋን አስራ ስትገባ ሁካታው ቀለጠ። ፈሪ ያላት አለ፣ የንብ ቀፎ ያላት አለ፣ ዶሮ ተሸክመሽ መጣሽ ወይ ያላትም አለ። እሷ ዱላዋን ይዛ መሀል ሜዳ ቆመች። አባ ከርከሮ ተነሥተው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ላይ ያለውን ነገር አውልቂ» አሉ።

«አላወልቅም።»

አባ ከርከሮ ይህን ቃል ከልጅ አፍ ሰምተው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አባቶቻችን በባዶ ፊት ተጫውተው ነው ያለፉት አሉ። ጦጢትም ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና፣ ከነዚያ አባቶች ስንቶቹ በሌላ እጅ እየተመሩ እንዳረጁ እንዲነግሯት ጠየቀች። ደግማም አላወልቅም አለች።

አባ ከርከሮ ተቆጡ። መሬቱን በኮቴያቸው ጫሩ፣ አፍንጫቸው ጋሻዋን እስኪነካ ቀረቧት።

«ከሰሽናል ማለት ነው» አሉ። «ሕጋችንን አፍርሰሻል። በባዶ ፊት መቆም ካቃተሽ ከሜዳው ውጪ።»

«አባ ከርከሮ፣ እኔ ማንንም አልከሰስኩም» አለች ጦጢት። «አምናም አልከሰስኩም፣ ዘንድሮም አልከስም። ግን እርስዎ መቼ በባዶ ፊት ቆመው ያውቃሉ? ከዓይንዎ ሥር እነዚህ ወፋፍራም ጉጦች አሉ። ከጉጦቹ ፊት ሁለት ክራንቻ ቆሟል። እርስዎ ጋሻዎን ይዘው ነው የተወለዱት። ለእኔ የተሰጠኝ እጅ ነው፤ በእጄ ሠራሁ። እርስዎ የእርስዎን ሲያወልቁ እኔም የእኔን አወልቃለሁ። እስከዚያ አላወልቅም።»

አንድ የጉሬዛ ልጅ ሳቁ አመለጠውና እናቱ አፉን ያዘችው። አባ ከርከሮ ሳያስቡት ጉንጫቸውን ዳበሱ፤ ጉጡ እዚያው ነበር። ዳበስ አደረጉ፣ እንደገና ዳበስ አደረጉ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተጫወቱ ብለው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጦጢት ያመለጣት የዓመት ሩጫ ሁሉ እግሯ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። ከከርከሮ ልጆች መሀል ሾለከች፣ ከጉሬዛ ልጆች ነጠቀች፣ ድንበሩ ጋ ደረሰች። ያኔ ዝንጀሮ ሊያስጥላት ሮጦ መጣና ሩርን ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ዝንጀሮ የመታው ወደ ጎን ነበር፤ ሩር ግን በራሱ ፈቃድ ቀና አለና ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ዓይኗ በረረ። ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጦጢት በጀርባዋ ወደቀች።

በዚያ ሜዳ ልማድ ጨዋታ ሳያልቅ ወላጅ አይገባም። እናቷ ግን ገባች። ከጠዋት ጀምሮ ከሴቶቹ ኋላ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ቀድማ ለቅሶ ተቀምጣ ነበር። ሮጣ መጥታ የልጇን ራስ ታቀፈች። አንዱ የቀርከሃ ፍልጥ ተሰንጥቋል። ከፍልጡ በስተኋላ ያለውን ለማየት አልደፈረችም፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«እማዬ» አለች ጦጢት። «ነጠላሽን ለምን አዘቀዘቅሽው? ማን ሞተ?»

እናትየው ዓይኗን ገለጠች። በቀርከሃው ፍርግርግ ውስጥ አንድ ጥቁር ዓይን ቁልጭ ቁልጭ እያለ ያያታል። አምና የዋጠችው እንባ ያን ጊዜ ወጣ። ሜዳው መሀል ቆማ፣ ዳኛውም ሴቱም ወንዱም እያየ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነጠላዋን ገፈፈችና አስተካክላ ለበሰች።

«ማንም አልሞተም» አለች ጮክ ብላ። «መንገድ ልቀቁላት፣ ልጄ ትጫወት።»

ጦጢትም ተነሣች። ሩር ከእግሯ ሥር ደርቆ ቀርቶ ነበር፤ አንዴ በዱላዋ ብትለው ድንበሩን አልፎ ከማዶ ያለው ገደል ውስጥ ገባ። በማግስቱ የወንዙ ዳር በእናቶችና በልጆች ተሞላ፤ ሁሉም ቀርከሃ ይሰነጥቃል። የአባ ከርከሮ ትንሹ ልጅም መጥቶ ነበር። የእሱ ጉጥ ገና አልበቀለም።

ተረቴ ይኸው ነው። ልጅን ከሩጫ አታስቀሩት፣ ዓይኑንም ለሩጫ አትገብሩበት። ፈሪ ቢሏችሁ ይበሏችሁ፤ ዓይን ሁለት ተሰጠን እንጂ ትርፍ አልተሰጠንም።