የቀጥቃጩ ዓይን

ፊታውራሪ ጓንጉል ወረዳውን መግዛት ከጀመሩ ሰባት ዓመት ሆናቸው። በሰባቱ ዓመት ድልድዩ ፈርሶ ቀረ፤ ነጋዴውም በየመንገዱ ያቆሙትን ኬላ ሸሽቶ በሌላ አገር ዞረ፤ ገበያው ተፈታ። በመጨረሻ ከበላይ ሹም፣ "ወረዳህ ለምን አላደገም?" የሚል ደብዳቤ ሲመጣባቸው ጥፋቱን የሚያሸክሙት ሰው ፈለጉ።

ብዙም አልራቁ። የአገሩን ማረሻ ሁሉ የሚሠራ፣ ለራሳቸውም በቅሎ ልጓም ያበጀ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። ሰው ማረሻውን ይወስድና ዞር ሲል "ቡዳ ነው" ይለዋል።

ፊታውራሪ ሸንጎ መሃል አቆሙትና፣ "አንተ ቡዳ! የወረዳዬን እድገት የበላኸው አንተ ነህ!" አሉት። "ብታምን ትገረፋለህ፤ ብትክድ ዛሬውኑ አገሬን ለቀህ ትወጣለህ!"

ቀጥቃጩ ክው አለ። ወናፉን ተሸክሞ፣ ልጆቹን ይዞ የት ይገባል? ቢሆንም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ካሉ መቼም ቡዳም ልሁን" አለ። "ነገር ግን ቡዳ የሚበላው በዓይኑ ያየውን ነው። እኔ ደግሞ እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ እድገት የሚባል ነገር ባይኔ አይቼ አላውቅም።"