የታጠበው ግሪስ

አንድ መካኒክ አንዲትን የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር በተሰበሰበ ወላጅ ፊት አዋረዳት። መካኒኩ ደምሰው ይባላል፤ ሹፌሯ ትርንጎ። ያዋረዳት ሰርቃ ወይም ዋሽታ አይደለም፤ መሪው ከበደኝ ስላለች ነው።

ትርንጎ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ባሏ ካረፈ ወዲህ በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ተማሪ እያመላለሰች የምትኖር ሴት ነበረች። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ስለተሠራች መንገዷ ሁሉ መታጠፊያ ነው። ትምህርት ቤቱ ከሁሉም በላይ ነው ያለው፤ በሩ ደግሞ ጠባብ፣ አገባቡም ጠማማ ነው። የዚያን በር አሠሪ መኪና የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የነገረው ሰው ያለ አይመስልም። ትርንጎ ግን በዚያ በር አሥራ አንድ ልጅ ጭና ለሰባት ዓመት ገብታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ግንቡን ነክታ አታውቅም።

በኅዳር አንድ ሰኞ ጠዋት ነካችው። መሪውን ስታዞር መሀል ላይ ያዘባት፤ ታገለችው፣ በድንገት ለቀቀ፣ ሚኒባሷም የግንቡን ጥግ ፋቀችና ቆመች። ልጅ አልተጎዳም። ነገር ግን ልጆቻቸውን ሊያደርሱ የመጡ ወላጆች ሁሉ አዩ። ከነሱም መካከል የከተማዋ አንደኛ መካኒክ የሚባለው ደምሰው ነበረ፤ የራሱ ልጅ እዚያው ነው የምትማረው።

ትርንጎ ወርዳ መሪው ከበደኝ አለች። ደምሰው መሪ ላይ ተቀመጠ፣ በጡንቻው ወዲያ ወዲህ አዞረው፣ የመሪውን ዘይት ከፍቶ አየ፣ ዘይቱ ሙሉ ነው። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

«እትዬ ትርንጎ፣ መሪው ጤነኛ ነው። የከበደው መሪው ሳይሆን የላላው ክንድሽ ነው። ሰርቪሱን ለወንድ ስጪና አንቺ ጥጥሽን ፍተዪ።»

ወላጆቹ ሳቁ። የሳቁት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሰው ደንግጦ ሲያበቃ የሚስቅበት ነገር ይፈልጋል። ግን ሳቁ። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ይርዳው ብቻ አልሳቀም። እሱ ወደ ጎን ወሰዳትና በትሕትና ነገራት፦ እስከሚቀጥለው ዓርብ መፍትሔ ካላገኘች ልጆቹ ወደ ሌላ ሰርቪስ ይዛወራሉ። ይህ ማለት ለትርንጎ እንጀራዋ ተዘጋ ማለት ነው። አቶ ይርዳውም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ዓይኗን እያየ ያልተናገረው።

አሁን የውርደት ክፋቱ ምን እንደሆነ እንነጋገር። የውርደት ክፋቱ ሰው መሳቁ አይደለም፤ የተሳቀበት ሰው ራሱን መጠርጠሩ ነው። ትርንጎ ያን ቀን ቤቷ ገብታ መኪናዋን መመርመር ሲገባት ክንዷን መረመረች። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በቀኝ እጇ አንስታ ደረጃውን ወጣች፣ በግራ እጇ አንስታ ወረደች። ጎረቤቷ አይታ ቧንቧው ግቢሽ ውስጥ እያለ ውሃ ወዴት ታመላልሻለሽ ብትላት ጀሪካኑን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። በማግስቱ ትከሻዋን በቅባት አሸች። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ብታይ ኖሮ በምላሷ ትሸነቁጠው ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎማ ልታስነፋ ወደ ጋሽ ተክሉ ሄደች። ጋሽ ተክሉ ሽማግሌ ጎሚስታ ናቸው፤ አርባ ዓመት ጎማ ከመጠገን በቀር ሌላ ሥራ አያውቁም፣ አውቃለሁም አይሉም። የሆነውን ነገረቻቸው። እሳቸው ስለ ክንዷ ምንም አልጠየቁም።

«መቼ ነው የሚከብድሽ?» አሏት።

«ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ የሚባል መልስ የለም። የፊት ጎማሽን ነፍቼልሻለሁ። ሂጂና አስተውለሽ ነይ።»

ትርንጎ ጎማው ሲነፋ መሪው ይቀልላል ብላ ነበር፤ አልቀለለም። እንግዲህ አስተዋለች። የተማሪዎቹን ስም በያዘችበት ወረቀት ጀርባ እየጻፈች ሁለት ቀን ሙሉ አስተዋለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ሲሞቅም ያው ነው። ልጆቹ ሲሞሉ ይከብዳል፤ ባዶዋንም ያው ነው። ወደ ቀኝም ወደ ግራም ልዩነት የለውም። ነገር ግን ዙሩ ሁሉ አይከብድም። ይህን ከዚያ በፊት ልብ ብላው አታውቅም። ሐሙስ ዕለት ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች።

«ይለቃል፣ ይይዛል። እንደገና ይለቃል፣ ይይዛል» አለቻቸው።

ጋሽ ተክሉ ጎማ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም አሉ፤ ጎማ ከከበደ እንደከበደ ነው የሚዞረው። ቀጥለውም የመኪናዋን ፊት በክሪክ አነሡላትና ሁለቱ የፊት ጎማዎች አየር ላይ ቀሩ። ሞተሩን አጥፊና መሪውን አዙሪ አሏት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጎማው መሬት ካልነካ መሬቱን መውቀስ አይቻልም፣ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ዘይቱንና ፓምፑን መውቀስ አይቻልም። አሁንም የሚይዝ ከሆነ ጥፋተኛው ከመሪው እስከ ጎማው ባለው ብረት ውስጥ ነው።

ትርንጎ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘችና መሪው ላይ፣ ከላይ በኩል፣ አሰረችው። ከዚያ ቀስ ብላ አዞረች። ክሩ ከላይ ሲሆን ያዘ። ወደ ጎን ሲሄድ ለቀቀ። ታች ሲደርስ ያዘ። ወደ ጎን ሲወጣ ለቀቀ። አሥር ጊዜ አዞረችው፤ አሥሩንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ያዘ። የደከመ ክንድ እንዲህ ቦታ መርጦ አይደክምም። ትርንጎ ይህን ስታውቅ መሪውን ለጋሽ ተክሉ ለቀቀችና ወረደች።

መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞረው ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ነው። እሳቸው መሪውን እያዞሩ እሷ ጨርቅ አንጥፋ ሥር ገባች፣ በባትሪ መብራት ዘንጉን ተከትላ ወረደች፤ ከሞተሩ ጎን፣ ዘንጉ በሚታጠፍበት ቦታ፣ አንድ ጡጫ የሚያህል፣ እንደ ልብ መተጣጠፍ ያለበት መጋጠሚያ አገኘች። ቀይ ሆኗል። ዝጎ ደርቋል። ዙሪያውን ያሉት ብረቶች ግን እንደ ሠርግ ሳህን ያብረቀርቁ ነበር።

ያኔ ትዝ አላት። መስከረም ላይ፣ ለዓመታዊው ምርመራ ስትዘጋጅ፣ ዘይት የሚያፈስ ቱቦ ልታስቀይር ሚኒባሷን ደምሰው ጋ ወስዳ ነበር። ደምሰው የታወቀ ልማድ አለው፦ ከጋራዡ የሚወጣ መኪና ሁሉ ሞተሩና ሆዱ በናፍጣ ታሽቶ፣ ኃይል ባለው ውሃ ታጥቦ ነው የሚወጣው። ሳይጠየቅ ያደርገዋል፤ «ምርቃት ነው» ይላል። ሰው መኪናውን ሲረከብ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያብረቀርቃል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ትርንጎም ደስ ብሏት ሄዳ ነበር፤ ለሁለት ጎረቤት አውርታለች። ናፍጣው ግን ቆሻሻውን ብቻ ለይቶ አላጠበም። ከአሮጌው መጋጠሚያ ውስጥ ግሪሱን አጥቦ ወሰደው፣ ውሃው በግሪሱ ቦታ ገባ፣ የቀረውን ዝገት ጨረሰው።

ትርንጎ መጋጠሚያውን ዘይት አጠጥታ፣ አላልታ፣ እስከ ዓርብ መንዳት ትችል ነበር። ጋሽ ተክሉ ግን ልጅ የሚጫንበት መኪና ነው አሏት፤ ይህን ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ ሚኒባሷን አቆመች። አዲሱ መጋጠሚያ ተፈልጎ እስኪገኝ አራት የትምህርት ቀን ልጆቹን ከየቤታቸው እየሰበሰበች ዳገቱን በእግር አወጣቻቸው፣ ከሰዓት በኋላም በእግር አወረደቻቸው። ሁለት ወላጆች ይህማ ሰርቪስ አይደለም ብለው ልጆቻቸውን አስቀሩ። ምን ሆነሽ ነው ላሏት ሁሉ ዓርብ እነግራችኋለሁ አለች። ረቡዕ ማታ ዕቃው ተገኘ፤ ሐሙስ አንድ ዝምተኛ መካኒክ ቀየረላት። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልላ ወሰደች።

ዓርብ ጠዋት አቶ ይርዳውን አጠገቧ አስቀምጣ መጣች። ወላጆቹ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ደምሰውም አለ፤ ሰርቪሱን ይረከባል የተባለው ሹፌርም አለ። ስሙ ዘነበ ነው፤ በር ሙሉ የሚሆን፣ ክንዱ የሰው ጭን የሚያህል ሰው። ትርንጎ በዚያ ጠማማ በር አንዴ አዙራ ገባች። ግንቡንም አልነካች፣ ወደ ኋላም አላለች። ከዚያ ወርዳ ጨርቁን ፈታችና አሮጌውን መጋጠሚያ ደምሰው መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«እጠፈው» አለችው።

ደምሰው በአንድ እጁ ሞከረ፣ አልታጠፈም። በሁለት እጁ ሞከረ፣ ፊቱ ቀላ፣ አልታጠፈም። ማን እንደሳቀ አይታወቅም፤ አንድ ሰው ግን ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም። ብረቱ ከየት እንደወጣና ግሪሱን ምን እንዳጠበው ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። ደምሰው ሞኝ አይደለም፤ ብረቱን አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ አንገቱን ደፋ።

ይሄኔ ያልተጠበቀው ሰው ተናገረ። ዘነበ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ከዚያ ትልቅ ሰውነት ይወጣል በማይባል ድምፅ፣ የእኔም ከከበደ ወር ሆኖታል አለ። እሱም መኪናውን የሚያሠራው ደምሰው ጋ ነው። አቶ ይርዳው ደንግጦ፣ ታዲያ ለምን ዝም አልክ፣ ልጆቻችንን ልንሰጥህ አልነበረም ወይ አለው።

«ክንድህ ነው ይሉኛል ብዬ ነዋ» አለ ዘነበ።

ወላጆቹ የዚያን ጠዋት ነገሩ ሁሉ የገባቸው በዚህ ቃል ነው። አንድ ሰው ከበደኝ ብሎ በተናገረ ጊዜ ከሳቅንበት የምናሳፍረው እሱን ብቻ አይደለም፤ ቆመው የሚሰሙት፣ እነሱም የከበዳቸው ሁሉ አፋቸውን ይዘጋሉ። ሸክሙ ግን አፍ ስለተዘጋ አይቀልም፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ራሱ ይናገራል። የሚያብረቀርቀውን ለማሳየት ስንል ሰው የማያየውን ስንቱን ግሪስ አጥበን ይሆን? በየቤታችንና በየሥራችንስ ክንድህ ነው ብለን ዝም ያሰኘነው ስንት ሰው አለ?

ደምሰው በመጨረሻ ቀና ብሎ ይቅርታ እትዬ አለ፤ የዘነበንም መኪና ዛሬውኑ እንደሚያይ ተናገረ። ትርንጎ ብረቱን ከመዳፉ አልወሰደችም፤ ጋራዥህ ላይ ስቀለው አለችው። ወደ መኪናዋ ከገባች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ለአሥራ አንድ ቀን የያዘችውን መልስ ሰጠችው፦

«ደምሰው፣ ግሪሱን ያጠብከው ሳታውቅ ነው፤ እሱን ትቼልሃለሁ። ክንዴን የሰደብከው ግን ሳታይ ነው። ከእንግዲህ ከበደኝ የሚል ሰው ሲመጣብህ መጀመሪያ መኪናውን ክሪክ ላይ አውጣው፤ ክንዱ የትም አይሄድብህም።»