ፍየሎችን በምላሱ የቆጠረው ጅብ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሮ ካላችሁ ቦታ አለ። ድሮ ድሮ፣ አውሬና የቤት እንስሳ በአንድ ሸንጎ ሲቀመጡ፣ ስሙን እኔም ያልሰማሁት አንድ አገር ነበር። በዚያ አገር ወንዙ ደረቀና እንስሳቱ ሁሉ ከተራራው ማዶ ወዳለው አዲስ መሬት ሊሻገሩ ሆነ።

ንጉሡ አንበሳ ሰበሰባቸውና፣ «በማዶ የድሮ ሥራ አይሠራም። ማን ለምን እንደሚበጅ እመት ጦጣ ትመዝን» አለ።

ጦጣም ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብላ እየጠራች ትጠይቅ ጀመር።

«አህያ፣ የድሮ ሥራህን ተወውና የምታውቀውን ንገረኝ።»

«እኔማ መሸከም ብቻ ነው የማውቀው» አለ አህያ አንገቱን ደፍቶ።

«ሲከብድህስ ምን ታደርጋለህ?»

«ዝም እላለሁ። ቢያማርሩት አይቀል።»

«ዝም ብሎ የሚችል ሽማግሌ ይወጣዋል። ጆሮህም ለሁለት ተጣዪ ይበቃል። አስታራቂ ሁን።»

አህያ በደስታ ሊያናፋ አፉን ከፈተና፣ ሽማግሌ መሆኑ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠርጎ ተወው።

«አውራ ዶሮ፣ የድሮ ሥራህን ተወውና የምታውቀውን ንገረኝ።»

«ያንኑ አንድ ነገር በየቀኑ እጮሃለሁ። ሰው ይሰለቻል እንጂ እኔን አይሰለቸኝም።»

«እንግዲያው አዋጅ ነጋሪ ነህ።»

ከዚያ አያ ጅቦ መጣ። ያን ቀን ፊቱን ታጥቦ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ የድሮ ሥራህን ተወውና የምታውቀውን ንገረኝ።»

«የድሮውንማ ባናነሳው ደግ ነው» አለ ጅብ። «እኔ እንቅልፍ አላውቅም። የፍየል ሽታ ከሩቅ እለያለሁ። የትኛዋ እንደከሳች፣ የትኛዋ እንደሰባች ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ። ፍየል እንደኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።»

ጦጣ ራሷን አከከች። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። «ሙያስ አለህ» አለችና የፍየሎች ጠባቂ አደረገችው። እናት ፍየል ይህን ስትሰማ ግልገሎቿን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች።

ተሻግረው ብዙም ሳይቆዩ እናት ፍየል ጦጣ ዘንድ መጣች።

«እመት ጦጣ፣ ልጆቼ ከግጦሽ ሲመለሱ ርሰው ነው የሚገቡት። ዝናብ ደግሞ የለም።»

ጅብ ተጠራ።

«እየቆጠርኳቸው ነዋ» አለ። «ዓይን ይሳሳታል፤ እኔ የምቆጥረው በምላስ ነው።»

«የትንሿ ግልገል ጆሮ ጫፍስ የት ሄደ?» አለች ጦጣ።

«እሷን ደግሜ እንዳልቆጥራት ምልክት አድርጌባት ነው።»

ጦጣ ጥፋቷ ያኔ ገባት። «ለካ የሚያውቀውን ጠየቅሁት እንጂ የሚያምረውን አልጠየቅሁትም» አለች በልቧ። ወዲያው ጃርትን ለምና የፍየል ቆዳ ደረበችባትና ከግልገሎቹ መሃል አስቀመጠቻት።

ጅብ እንደለመደው፣ «ያቺን ቆጠርኩ፣ ይቺን ቆጠርኩ» እያለ፣ እየላሰ መጣ። ጃርት ጋ ሲደርስ ቆም አለ። «ይቺ አዲስ ናት። ምልክት ያስፈልጋታል» ብሎ አፉን ሞልቶ ጎረሳት። ጃርትም እሾኋን አቆመች።

ጩኸቱ ቤተ መንግሥት ድረስ ተሰማ። አንበሳ ተቆጥቶ ሊገድለው ተነሳ። ጅብ ሊያስረዳ ቢሞክርም ምላሱ አብጦ «ቡ፣ ቡ፣ ቡ» ብቻ ሆነ። አህያ ጆሮውን አቁሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና፣ «ጥፋቱን አምኗል፤ ይማሩት» ሲል ፈረደ።

ጦጣ እሾኹን እየነቀለች፣ «ከሰፈር ውጭ የሚጣለውን አጥንት ታነሳለህ» አለችው። «እዚያ የፈለግኸውን አጥንት ብትልስ የሚከስህ የለም።»

ጅብም አጥንቱን እየቆረጠመ መንደሩን አጸዳ፤ ግልገሎቹም ከግጦሽ ሳይርሱ ገቡ።

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ ሙያ ይሻገራል፣ አመል ያስቸግራል የሚባለው።